ካርቱምን ከጀርባዋ ያስጎበኘሁ ሰሞን

ሰው የሚኖርበትን ከተማ አውቃለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገረው እንግዳ እስኪመጣበት ድረስ ነው። እንግዳው ሻንጣውን አስቀምጦ፣ ውሃውን ጠጥቶ፣ «እስቲ ከተማችሁን አሳየኝ» ያለ ዕለት ጉዱ ይፈላል። እርስዎም ቢሆኑ፣ አንባቢዬ፣ ቢያስቡት ያው ነዎት። ዳቦ የሚሰለፉበትን ሱቅ፣ ጫማ የሚያሰፉበትን ጥግ፣ ሚዛን የሚያጎድለውንና የማያጎድለውን ነጋዴ አብጠርጥረው ያውቃሉ። አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት የማን እንደሆነ ቢጠየቁ ግን ጠጋ ብለው ጽሑፉን ማንበብዎ አይቀርም።

እኔ ደግሞ የባሰብኝ ነኝ። አገሬ ሳለሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ዓባይና ነጭ ዓባይ ካርቱም ላይ እንደሚገናኙ በጠመኔ እየሳልኩ ለስንት ክፍል ተማሪ አስተምሬያለሁ፤ በፈተና ጠይቄም የተሳሳተውን በቀይ እስክሪብቶ አጥቁሬዋለሁ ልበል አቅልቼዋለሁ። በኋላ ፖለቲካ የሚሉት ነገር አባረረኝና እዚያው ስስለው የኖርኩት ካርታ ላይ መጥቼ ወደቅሁ። ሃያ ዓመት ኖርኩበት። ሁለቱ ወንዞች ሲገናኙ ግን አንድም ቀን ሄጄ አላየሁም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉሃል ይህ ነው።

አሁን የማስተምረው ሰው የለም፤ ፍሪጅ ነው የምጠግነው። ዴም በሚባለው ሰፈር፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ኋላ፣ እኔና አንድ ፍሪጅ ተጣብበን የምንቆምባት ሱቅ አለችኝ። ሁለተኛ ፍሪጅ ከመጣ እኔ እወጣለሁ። ካርቱም ደግሞ ፍሪጅ ሲሞት ለቅሶ የሚቀመጡባት ከተማ ስለሆነች ሥራ አላጣሁም። ለቤተሰቦቼ ታዲያ በደብዳቤም፣ በኋላም በስልክ የምነግራቸው አንድ ነገር ነበር፦ «ካርቱምን እንደ መዳፌ አውቃታለሁ»። መዳፉን አገላብጦ ያየ ሰው ስንት ነው?

አብዮቱ መጥቶ፣ የሠላሳ ዓመቱ መንግሥት ወርዶ፣ ከተማው ዳቦ እየተሰለፈም ቢሆን ደስ ብሎት በሚውልበት ሰሞን እታለም ደወለችልኝ። እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው፤ ጎንደር ሠላሳ ምናምን ዓመት አስተምራ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። «ልመጣ ነው» አለችኝ። ፈቃድ እየጠየቀች አልነበረም፤ ቪዛውን አስመትታ ጨርሳለች። በመተማ በኩል አድርጋ፣ ገዳሪፍ አድራ፣ አቧራ ለብሳ ካርቱም አውቶቡስ መናኸሪያ ስትወርድ መጀመሪያ ያደረገችው እኔን አገጬን ይዛ ወዲያና ወዲህ ማዞር ነበር። ተማሪ ጥርሱን መፋቅ አለመፋቁን የምታይበት አያያዝ ነው።

ቤት ገብታ እንዳረፈች የመጣችበትን ነገረችኝ። እናታችን ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። እታለም ስትነሳ እጇን ይዛ እንዲህ ብላታለች፦ «በእኔ ዓይን አልሆነም፣ በአንቺ ዓይን አይተሽ ንገሪኝ። ምን ይበላል፣ ምን ይጠጣል አልልሽም። ቀና ብሎ ይሄዳል ወይ? እሱን ብቻ አይተሽልኝ ነይ።»

ይህን ስሰማ ጀርባዬን አቀናሁ። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ጀርባ ማቅናት ቀላል ነው።

ሦስት ቀን ነበረን። ያን ዕለት ማታውኑ የድሮ ሙያዬ ተነሥቶብኝ የጉብኝት ዕቅድ በወረቀት አወጣሁ። ዓላማ፦ እንግዳዋ ከተማዋን ዐውቃ በመንፈስ እንድትደሰት። መርጃ መሣሪያ፦ ጃንጥላና ውሃ። የመጀመሪያ ቀን ቤተ መንግሥቱና ቡሪ፣ ሁለተኛ ቀን ሙዚየሙና ኦምዱርማን፣ ሦስተኛ ቀን የወንዞቹ መገናኛ። ግምገማ የሚለውን ባዶ ተውኩት። እታለም መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና «ግምገማውን እኔ እሞላዋለሁ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ወጣን። ካርቱሞች ብርድ መጣ ብለው ጃኬት የሚደርቡበት ወር ነበር፤ እታለም ግን ከደጃፉ ጀምሮ በነጠላዋ ጫፍ ላቧን ትጠርጋለች። እኔ ፊት ፊት እየመራሁ በጋራዦቹ መሃል አሳለፍኳት፣ በቆርቆሮ ተራ አሹለክኋት፣ አንድ የዓሣ መጥበሻ ቤት በጓሮ ገብተን በጓሮ ወጣን፣ ባለቤቱ «ሙሉጌታ!» ብሎ ሰላም አለኝ። መታወቄን አየሽ በሚል ዓይን ዞር ብዬ አየኋት። እሷ ቀሚሷን ከዘይት ትሰበስባለች። አንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ አንድ ረጅም ግንብ ሥር ቆምኩና እጄን ዘረጋሁ።

«ይኸውልሽ፣ ቤተ መንግሥቱ።»

«የቱ?»

«ይሄ።»

«ይሄማ ግንብ ነው።»

«ከግንቡ ወዲያ ነው እንጂ ቤተ መንግሥቱ።»

ከግንቡ በላይ የአንድ ዛፍ ጫፍ ይታያል። እታለም ዛፉን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከቦርሳዋ ትንሽ ደብተር አውጥታ የሆነ ነገር ጻፈች። እኔም፣ አስተማሪ ናትና ታሪክ እየመዘገበች ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከሰዓት በኋላ ቡሪ ሄድን። የቡሪ ልጆች በአብዮቱ ጊዜ ስማቸው የተጠራ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ያሉት የመንደሩ ግድግዳዎች ከዳር እስከ ዳር በሥዕል ተሞልተዋል። እዚህ እንኳ አላሳፈርኳትም፤ ሥዕሉ ራሱ በጓሮ መንገድ ላይ ስለተሳለ መንገዱ ለእኔ የተቀደደ ነበር። እዚያ ሰፈር እኔም ትንሽ ታሪክ አለኝ። አንድ ቀን ፍሪጅ ጠግኜ ስወጣ አስለቃሽ ጭስ መንደሩን ሞላው። ነፍሴን ላድን በማውቃት መተላለፊያ ሁሉ ስሮጥ ሁለት ወጣቶች ኋላዬ ነበሩ። ወዲህ ስታጠፍ ይታጠፋሉ፣ አጥር ስዘል ይዘላሉ። አምልጠን ስናበቃ አቅፈው ሳሙኝ፣ አብዮተኛው ሐበሻ አሉኝ። እየሸሸሁ እንደነበር ልነግራቸው አልደፈርኩም።

እታለም አንዱ ግድግዳ ፊት ቆመች። በረድፍ የተሳሉ የወጣቶች ፊቶች ናቸው፣ አንዱ መነጽር ያደረገ፣ አንዱ ጥርሱ ፍንጭት የሆነ።

«እነዚህ ማናቸው?»

«ሰልፍ ላይ የሞቱ ናቸው።»

«ስንት ስንት ዓመታቸው ነበር?»

አላውቅም አልኳት። በዓይኗ ክፍል ደለደለቻቸው፤ ይሄ አሥራ ሁለተኛ፣ ይሄ ኮሌጅ የገባ ይሆናል አለች። ከዚያ አማተበች፣ እንባዋም መጣ። እኔም አለቀስኩ። እነዚያ ልጆች በትልቁ መንገድ መሃል ለመሃል ሄደው እንደሞቱና እኔ በዚያው ሳምንት በቆርቆሮ ተራ ስሹለከለክ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፣ አፈርኩም።

ሁለተኛው ቀን የባሰ ሆነ። ሙዚየሙ ቅጥር ውስጥ የጥንት ድንጋይ አውሬዎች እንዳሉ ስለማውቅ በአጥሩ ኋላ ወሰድኳትና አንድ ክፍተት አሳየኋት። የዘበኞቹን ፍሪጅ ልጠግን ስመጣ ያገኘኋት ክፍተት ናት። እታለም ዓይኗን ደቅና ቆየች።

«ምን ይታይሻል?»

«የአንድ በግ ቂጥ።»

«የድንጋይ በግ ነው፤ የጥንት ነው።»

«ጥንትም ቂጥ ቂጥ ነው» አለችና ደብተሯን አወጣች።

ኦምዱርማን ስንሄድ ድልድዩን በአውቶቡስ አልፈን ገና ሁለት ፌርማታ ሲቀረን «ያላ፣ እንውረድ» አልኳት። ለምን አለችኝ። በእግር ሲኬድ ነው የሚያምረው አልኩ። አላማረም። አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፣ የጫማዋ ማሰሪያም ተበጠሰ። እየተንፏቀቅን አንድ ግቢ ጓሮ ደርሰን አገሩ የሚያከብረው መሪ ያረፈበትን ባለ ብርማ ጉልላት መቃብር ከሁለት የልብስ ገመድ መሃል አሳየኋት። ጉልላት ክብ ነውና ጀርባ አይኖረውም ብዬ ነበር። አለው ለካ፤ የሕፃን ሱሪ የሚሰጣበት በኩል ጀርባው ነው።

እታለም ከዚያ በኋላ አንድ እርምጃ አልራመድም አለች። ኒም ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረችና ዝቅ ያሉት ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። ሴትዮዋ የእታለምን ጫማ አይታ ሳትጠየቅ መርፌ ቁልፍ ሰጠቻት። እታለም ጫማዋን አበጀች፣ ሻይዋን ፉት አለች፣ ከዚያ ደብተሯን ገልጣ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ታሪክ መስሎኝ የነበረው ካርታ ነው። ቤተ መንግሥቱ አራት ማዕዘን፣ ሙዚየሙ አራት ማዕዘን፣ ጉልላቱ ክብ። በእያንዳንዱ በር በኩል «ፊት» ተብሎ ተጽፏል፤ እኛ የቆምንበት በመስቀል ምልክት ተደርጓል። መስቀሎቹ ሁሉ በጀርባ ናቸው።

«የጂኦግራፊ አስተማሪ» አለችኝ፣ «ይህ አገር ፊት የለውም?»

ዕቅዱን ሳወጣ ሆን ብዬ በጓሮ ልውሰዳት አላልኩም። በእውነት እላችኋለሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በደንብ ያስጎበኘኋት መስሎኝ ነበር። ካርታውን ሳየው ግን ዐወቅኩት። የሃያ ዓመት መንገዴ ነው፤ ሌላ ሰው ስሎ ሲያሳየኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ነገርኳት። በዚህ አገር ከሻ የሚሉት ነገር አለ፤ እኛ አፈሳ የምንለው ነው። ፖሊስ መኪናውን ያቆምና ኢቃማ የሌለውን የውጭ አገር ሰው ለቅሞ ይጭናል። እኔ ያ የመኖሪያ ወረቀት ሳይኖረኝ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ ተይዤ ሁለት ቀን ታሰርኩ፤ የጣቢያው ፍሪጅ ተበላሽቶ ኖሮ ጠግኜ ወጣሁ። ፖሊስ የሚቆመው ደግሞ የት ነው? በትልቁ መንገድ፣ ከድልድይ ማዶ፣ በመንግሥት ቤት ፊት ለፊት። በከተማ ውስጥ ያማረ ነገር ሁሉ ፊት ለፊቱ ፖሊስ አለ። ስለዚህ ያማረውን ሁሉ በጓሮ አለፍኩት።

«አሁንም የለህም ወረቀቱ?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ከሸሚዜ የደረት ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለውን ኢቃማ አውጥቼ አሳየኋት። ካገኘሁት ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ በየጊዜው አሳድሰዋለሁ፣ ከኪሴም ተለይቶ አያውቅም። ወረቀቱ ለኔ ከደረሰ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ እግሬ ግን እስካሁን አልሰማም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው።

እታለም አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ወረቀቱን መልሳ በእጇ ኪሴ ውስጥ ከተተችና ኪሱን መታ መታ አደረገችው። «ለእማዬ ይህን አልነግራትም» አለች። «ነገ ግን መሪዋ እኔ ነኝ።»

ሦስተኛው ቀን ይህን ይመስላል። እታለም ከቤት ስትወጣ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ትልቁ መንገድ በየት ነው? አሳየኋት። እጄን ያዘች፤ ትምህርት ቤት ያስገባችኝ ዕለት እንደያዘችኝ ነው የያዘችኝ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ጸጉረ ገብስማ ሰውዬ በእህቱ እጅ እየተመራ በወንዙ ዳር ባለው አስፋልት ሲሄድ ካርቱም አየችው። ቤተ መንግሥቱ ፊት አለው፤ ነጭ ነው፣ ያምራል። ሙዚየሙም በር አለው፤ ገባን፣ በጉንም በፊት በኩል ሰላም አልነው። ደግ ፊት ነው ያለው።

ወደ ወንዞቹ መገናኛ ስንቃረብ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ አንድ ወጣት ፖሊስ ተቀምጧል። እግሬ እኔን ሳያማክር ወደ ቀኝ ታጠፈ። ቀኙ ደግሞ ወንዝ ነው። እታለም ጎተት አድርጋ መለሰችኝ፣ ከዚያም ያልጠበቅሁትን አደረገች። ቀጥ ብላ ወደ ፖሊሱ ሄደች።

«እታለም፣ በእናትሽ!» አልኩ።

«በእናቴማ ነው የመጣሁት» አለች ሳትዞር።

ዐረብኛ አንድ ቃል አታውቅም። ስልኳን ለፖሊሱ ዘረጋችና፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ልጅ ባዘዘችበት ድምፅ፣ በጥርት ያለ አማርኛ «ልጄ፣ ና እስቲ ከወንድሜ ጋር አንሳን» አለችው። እኔ በልቤ የሁለት ቀን ስንቅ ቆጠርኩ። እዚያ ጣቢያ ያለው ፍሪጅ በምን ሁኔታ ላይ ይሆን ብዬም አሰብኩ።

ልጁ ተነሣ። ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ። «ሐበሻ?» አለኝ።

«አይዋ» አልኩ፤ አዎ ማለቴ ነው።

«መርሐባ፣ መርሐባ» አለና ሁለታችንን ወንዙን ከኋላችን አድርገን እንድንቆም በእጁ አስተካከለን። አነጣጠረ። ስልኩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። «ኢርፋዕ ራሰክ፣ ያ ዐም!» አለኝ፤ አጎቴ፣ ራስህን ቀና አድርግ ማለቱ ነው። ይህን ቃል በአብዮቱ ሰሞን በየግድግዳው ተጽፎ አይቼዋለሁ። ለእኔም የተጻፈ መስሎኝ ግን አያውቅም። እታለም ምን አለህ አለችኝ፤ ተረጎምኩላት። እጄን ጠበቅ አደረገችው። እኔም ራሴን ቀና አደረግሁ። አንሥቶን ሲያበቃ ስልኩን መለሰ፣ ወረቀትም አልጠየቀኝም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማሳየት ተዘጋጅቼ የኖርኩትን ወረቀት አለመጠየቄ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ትንሽ ቅር አሰኘኝ።

ከዚያ መገናኛውን አየነው። አንዱ ውሃ ጠራ ያለ፣ ሌላው አመድማ፣ ጎን ለጎን ሆነው ለጥቂት ሳይቀላቀሉ ይሄዳሉ። በጠመኔ ስስለው ወዲያው ነበር የምቀላቅላቸው፤ ያንን የተማሩ ሁሉ ይቅር ይበሉኝ። እታለም ከእኛ የመጣው የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝና አሳየኋት። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ዳሩ ጠጋ አለች።

«እይ እንግዲህ» አለች። «ይሄ ከእኛው አገር ወረቀት ሳይዝ መጥቶ፣ በመሃል ከተማ፣ በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ነው የሚያልፈው። ማንም አልያዘውም።»

በማግስቱ ሄደች። መናኸሪያው ላይ የጉብኝት ዕቅዴን መለሰችልኝ፤ ግምገማ በሚለው ቦታ በቀይ እስክሪብቶ «በፊት በኩል ይደገም» ተብሎ ተጽፎበታል።

በሳምንቱ እናቴ ደወለች። ተመስገን አለች፣ እህትህ ሁሉን ነገረችኝ አለች፣ ቀና ብሎ ይሄዳል አለችኝ አለች። ደስታዋ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ቆይ ግን» አለች፣ «ፎቶግራፉ ላይ ያለውን ቁጭ ብዬ እንድትነግረኝ አደረግኋት። ራሱን ቀና አድርጓል፣ አንድ እጁን እኔ ይዤዋለሁ፣ አንድ እጁን ግን ደረቱ ላይ ለጥፏል አለችኝ። ምነው ልጄ፣ ልብህን ያምሃል እንዴ?»

ፎቶግራፉ እኔም ስልክ ላይ ነበርና ከፍቼ አየሁት። እውነቷን ነው። ራሴ ቀና ብሏል፣ ወንዙ ከኋላዬ ያበራል፣ ቀኝ እጄ ግን ኢቃማው ያለበትን ኪስ ጥርቅም አድርጎ ይዟል። እታለም ለምን እንደያዝኩት ታውቃለች፤ ቃሏን ጠብቃ አልነገረቻትም። ሃያ ዓመት እንደ መዳፌ ሲል የኖረ አፍ እውነቱን በምን ይጀምረው?

«ድሮ ያመኝ ነበር እማዬ» አልኳት። «አሁን ተሽሎኛል። በትልቁ መንገድ በእግር ሂድ ተብዬ ታዞልኛል።»

«ማን አዘዘልህ?»

«አንድ ወጣት ልጅ ነው፣ ወንዙ ዳር የሚሠራ።»

«እሱስ ደግ ሐኪም ነው፤ እንዳታቋርጥ» አለችኝ።

አላቋረጥኩም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሥራ ሲበዛም አንድ ቀን፣ በትልቁ መንገድ ቀና ብዬ እሄዳለሁ። እጄን ግን ከኪሴ ላይ ገና አላወረድኩም።